ጡረታ ወጥቶ ቤት መግባት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ስለ ጡረታ የሚደረግ ንግግር ከቃሉ ቢጀምር መልካም ነው። ጡረታ የሚለው ስም ጦረ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ግሡም በግእዝ ተሸከመ ማለት ከሆነው ጾረ ጋር አንድ ሥር አለው፤ በአማርኛ እናትና አባትን በእርጅናቸው መመገብ፣ ማልበስና መንከባከብ መጦር ይባላል፣ ይህን የሚያደርገው ልጅ ጧሪ ይሰኛል፣ የመጨረሻው ቀን አብሮ ሲታሰብ ደግሞ «ጧሪ ቀባሪ» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጠራል። እንግሊዝኛው «ሪታየር» ግን ወደ ኋላ መሳብ፣ ገለል ማለት የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል የተወረሰ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በእንግሊዝኛው አንድ ሰው ብቻውን ገለል ሊል ይችላል፣ በአማርኛው ግን ጡረታ ያለ ሁለት ሰው አይቆምም፣ ተሸካሚና ተሸካሚ የሚያስፈልገው ሰው የግድ አብረው መኖር አለባቸው።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲደነገግ ቃሉ ከልጅ ትከሻ ወርዶ በመንግሥት ትከሻ ላይ ተጫነ፤ ከዚያ ወዲህ ጡረታ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ጧሪ ልጅ መሆኑ ቀርቶ በየወሩ የሚቆረጥ፣ ኋላም በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ ሆነ። ያም ቢሆን ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ በግል ድርጅት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን በግዴታ የጡረታ ሥርዓት የታቀፉት አዋጅ ቁጥር 715/2003 ከወጣ በኋላ ነው።

ይሁንና የዕለት አነጋገሩ አንድ ነገር ሳይናገር ይቀራል። አማርኛ ተናጋሪ «ጡረታ ወጣ» ይላል፤ ሰውየው የወጣበት ቦታ ግልጽ ነው፣ የሚገባበት ግን አይጠቀስም። የሚገባው ቤቱ ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት በሥራ ተጠምዶ የኖረ ሰው ቤቱን የሚያውቀው መስሎት ይገባል፣ ቤቱ ግን በእነዚያ ዓመታት እሱን ሳይጠብቅ መኖርን ተምሯል፤ የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህ አገባብ ሲሆን፣ የሚመለከተውም በይበልጥ በኦሃዮ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ ዙሪያ፣ በተለይም በዌስተርቪል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ቤተሰብ ነው።

ዌስተርቪል ከኮሎምበስ መሀል ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 39,000 ያህል ነዋሪዎች የነበሯት፣ እ.ኤ.አ. በ1847 የተመሠረተውን የኦተርባይን ዩኒቨርሲቲን በመሀሏ የያዘች ጸጥተኛ ከተማ ናት። ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ወደዚህች ከተማ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በኮሎምበስ አፓርታማ ተከራይቶ ከኖረ፣ ከባልና ሚስቱም አንዱ ወይም ሁለቱም ደብል ከሠሩ፣ ማለትም ሁለት ፈረቃ አከታትለው ወይም ሁለት ቦታ ተቀጥረው ካገለገሉ በኋላ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ተብሎ ቤት ሲገዛ ነው። ቀዳሚዎቹ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በሱዳን፣ በኬንያ ወይም በአውሮፓ በኩል አልፈው፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ መሠረት የገቡ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ዲቪ በመባል የሚታወቀው የዕጣ ቪዛ ሌሎችን አምጥቷል። በመጀመሪያው ዙር በሃያና በሠላሳ ዓመታቸው የመጡት ሰዎች ዛሬ ስልሳውንና ሰባውን ይዘዋል፤ ስለዚህም ከእነሱ በፊት በዚህ አገር ጡረታ ወጥቶ እንዴት እንደሚኖር ያሳየ አባት ወይም አጎት የላቸውም፣ መንገዱን የሚጠርጉት ራሳቸው ናቸው።

ወደ ቤቱ ከመግባት በፊት የገንዘቡ ነገር በአጭሩ መነገር አለበት፣ ምክንያቱም በቤት ውስጥ የሚነሣው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1935 በፈረሙት ሕግ የተቋቋመው የአሜሪካ የጡረታ መድን፣ ወርኃዊ ክፍያን የሚያሰላው ሠራተኛው ከፍተኛ ገቢ ያገኘባቸውን 35 ዓመታት ወስዶ ነው፤ 35 ላልሞላለት ሰው የጎደሉት ዓመታት በዜሮ ይቆጠሩበታል። በአርባ ዓመቱ ወደ ኦሃዮ መጥቶ በ65 ዓመቱ ሥራ የሚያቆም ሰው 25 ዓመት ብቻ ስለሚኖረው አሥር ዜሮ ይዞ ይቀርባል ማለት ነው። በኢትዮጵያ ያገለገለበት ዘመንም አይታሰብለትም፤ አሜሪካ ከበርካታ አገሮች ጋር የሥራ ዘመንን ደምሮ የመቁጠር ስምምነት ቢኖራትም ኢትዮጵያ ከእነዚያ አገሮች መካከል አይደለችም። በአገር ቤት የሚታወቀው ስሌት ሌላ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት አሥር ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለት ነበር፣ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለት ነበር፣ ጣሪያውም 70 በመቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ስሌት የለመደ ሰው የአሜሪካውን ሲያይ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በታክሲና በኡበር የኖሩት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። የራሳቸው ቀጣሪ በመሆናቸው ለሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ለሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን የሚከፈለውን 15.3 በመቶ ያለ አሠሪ ድርሻ ሙሉውን ይችላሉ፤ ግብሩን ለማቅለል የተነዳውን ማይል ሁሉ በወጪ ሲያስመዘግቡ የተጣራ ገቢያቸው በወረቀት ላይ ያንሳል፣ ጡረታቸውም የሚታሰበው በዚያው ባነሰው ገቢ ነው። ሕጉን የጣሰ የለም፤ ነገር ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ሚስት በወሩ የሚመጣውን ገንዘብ አይታ «ያ ሁሉ ሌሊት የት ሄደ?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ በድሮ የግብር ወረቀቶች ውስጥ ተኝቶ ይገኛል።

ወደ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ናይት የሚሠራ ሰው ያለበትን ቤት ማየት ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። አባት ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጠዋት ይመለሳል፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲወጡ በር ላይ ይተላለፋሉ፣ እሱ መጋረጃውን ዘግቶ ይተኛል፣ ሚስት ከቀን ሥራዋ ስትመለስ ሊነሣ ሲል ወይም ተነሥቶ ሊሄድ ሲል ትደርሳለች። ቤቱም በእንቅልፉ ዙሪያ ሕግ ያወጣል፤ ቴሌቪዥኑ ዝቅ ይላል፣ ደረጃ የሚወጣው በቀስታ ነው፣ ጓደኛ አይጋበዝም፣ «ባባ ተኝቷል» የምትለው አጭር ቃል የቤቱ ዋና ደንብ ሆና ልጅ ያድጋል። በዚህ ደንብ ሥር ሌላ ሕይወት ይደራጃል፤ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ የምታነበው እናት ወይም ታላቂቱ ልጅ ናት፣ የመብራቱና የውኃው ሒሳብ ከስልኳ ይከፈላል፣ የእሑዱ ቡና የሚፈላበት ሰዓት፣ የሚጠራው ጎረቤት፣ የሚላከው ገንዘብና የሚቀበለው ሰው ሁሉ ያለ እሱ ይወሰናል። ይህ ክፋት አይደለም፤ እንዲያውም እሱ ሌሊት ሲደክም ቤቱ በቀን እንዳይፈርስ ያደረገው ይኸው አደረጃጀት ነው።

እንግዲህ ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት ይህ ሰው አይተኛም። ቀን ላይ ነቅቶ ሳሎን ተቀምጧል። ሃያ አምስት ዓመት ድምፁን የቀነሰው ቤት ድምፁን ከፍ ማድረግ ወይም ዝም ማለት እንዳለበት አያውቅም፣ እሱም በበኩሉ እጁ ሥራ ስለለመደ ሥራ ይፈልጋል፣ የሚያገኘውም የቁጥጥር ሥራ ነው። ማሞቂያው ስንት ዲግሪ ላይ እንደተደረገ ያያል፣ ሰው የሌለበትን ክፍል መብራት እየዞረ ያጠፋል፣ የዕቃ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ ሳህኑ እንዴት እንደተደረደረ አስተያየት ይሰጣል፣ በማቀዝቀዣው ውስጥ የተበላሸውን እየለየ የገንዘቡን ዋጋ ይናገራል። በመጋዘን ወይም በታክሲ ሥራ ይህ ዓይን ያስመሰግነው ነበር፤ በቤት ግን እያንዳንዱ አስተያየት ሚስት ብቻዋን ስታስተዳድር በኖረችው ግዛት ላይ እንደ ወረራ ይቆጠራል። በአገሩ ኢንጂነር፣ የመምሪያ ኃላፊ ወይም የጦር መኮንን የነበረ ሰው ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ እንዲህ ያለው ሰው ማዕረጉን አንድ ጊዜ በስደት፣ ሁለተኛ ጊዜ በጡረታ ያጣ በመሆኑ፣ የቀረው የመጨረሻው መሥሪያ ቤት ሳሎኑ ነው፣ የቀሩት የበታች ሠራተኞችም ሚስቱና ልጆቹ ይመስሉታል።

ይህ የኢትዮጵያውያን ብቻ ችግር አለመሆኑን የሌሎች አገሮች ልምድ ያሳያል። ጃፓኖች ከሥራ ወጥቶ ከሚስቱ እግር ሥር የማይለየውን ባል «ኑሬ ኦቺባ» ይሉታል፣ የረጠበ የወደቀ ቅጠል ማለት ነው፤ ቅጠሉ ረጥቦ መሬት ላይ ስለሚጣበቅ መጥረጊያ አያነሣውም። አባባሉ ጭካኔ ቢኖርበትም ከቀልድነት ያለፈ ነገር አለው፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2007 ጀምሮ የጃፓን ሕግ ባልና ሚስት ሲፋቱ በትዳር ዘመን የተጠራቀመውን የሠራተኛ ጡረታ እንዲካፈሉ ፈቅዷል፣ ይህም በቤት ተቀምጠው የኖሩ ሚስቶች የጡረታው ባለድርሻ መሆናቸውን መንግሥት አመነ ማለት ነው።

በአሜሪካም ሆምስና ሬሂ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 የሕይወት ለውጦች በሰው ላይ የሚያደርሱትን ጫና በነጥብ የሚመዝን መለኪያ አሳትመዋል። በዚያ መለኪያ የትዳር ጓደኛ ሞት 100፣ ጋብቻ 50፣ ጡረታ 45 ነጥብ ተሰጥቷቸዋል። ከጡረታ ጋር እኩል 45 የተሰጠው ደግሞ ከትዳር ጓደኛ ጋር ተለያይቶ መታረቅ ነው። ሁለቱ ሐኪሞች ይህን ያደረጉት በአጋጣሚ ይሁን እንጂ እኩልነቱ ለዌስተርቪል ቤት በልኩ የተሰፋ ይመስላል፤ በአንድ ጣራ ሥር ሆነው በሥራ ሰዓት ሲለያዩ የኖሩ ባልና ሚስት በጡረታ ቀን የሚገጥማቸው ነገር፣ ጠብ ሳይኖር የሚደረግ ዕርቅ ነው። ዕርቅ ደግሞ በአበሻ ልማድ ሽማግሌ ይጠይቃል፣ እዚህ ግን ጠብ ስለሌለ ሽማግሌ የሚጠራ የለም።

በዚሁ በኦሃዮ፣ ስሙ ፍሎሪዳን ቢያስታውስም በኦክስፎርድ ከተማ በሚገኘው የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የነበረው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ሮበርት አችሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው የጡረታ ጥናቱ ጡረታን እንደ አንድ ቀን ክስተት ሳይሆን እንደ ተከታታይ ምዕራፎች ገልጾታል። ከመጀመሪያው የጫጉላ ጊዜ ቀጥሎ የመከፋት ጊዜ ይመጣል፣ ከዚያ ሰው ሕይወቱን እንደገና ይቃኛል፣ በመጨረሻም ይረጋል፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ምዕራፍ አያልፍም፣ ቅደም ተከተሉም ግዴታ አይደለም። የጫጉላው ጊዜ በዌስተርቪል የታወቀ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ አለ፣ የዘመድ ሠርግና ልቅሶ የመድረስ ዕዳ ይከፈላል፣ እንቅልፍ ይጠገባል። የመከፋቱ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከጉዞው መልስ፣ የኦሃዮ ክረምት ሲገባ፣ ከሰዓት በኋላ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሲጨልም ነው። አችሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው ሌላ ሥራው ደግሞ የቀጣይነት ንድፈ ሐሳብ የተባለውን አስፋፍቷል፤ ሐሳቡ ሰው በእርጅናው የሚጸናው አዲስ ሰው በመሆን ሳይሆን የለመደውን ችሎታና ጠባይ በአዲስ ቦታ በመቀጠል ነው የሚል ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሲታይ ለጡረተኛው የሚበጀው ማዕረግ መጠየቅ ሳይሆን ሥራ መለመን ነው። ሠላሳ ዓመት የኮሎምበስን መንገድ የነዳ ሰው የልጅ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ወደ ኳስ ልምምድ፣ አሮጊቶቹን ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ሐኪም ቢያመላልስ የሚያውቀውን ሥራ ቀጠለ እንጂ አልተዋረደም፣ በሆስፒታል የኖረች ነርስም የዘመድ ጎረቤቱን የመድኃኒት ሰዓትና የሐኪም ወረቀት ብትይዝ እንዲሁ ነው።

ስለ ነርሷ መነሣቱ መልካም ሆነ፣ ምክንያቱም እስካሁን የተነገረው ሁሉ ጡረተኛው ወንድ እንደሆነ አድርጎ ነው፤ ይህም የተለመደ ስሕተት ነው። በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ ሴቶች በነርሲንግ ሆም፣ በሆስፒታል፣ በሆቴልና በፋብሪካ የሠሩት ከወንዶቹ ያላነሰ ነው፣ ልዩነቱ ከሥራ ሲመለሱ ሁለተኛው ፈረቃቸው በቤት ይጠብቃቸው የነበረ መሆኑ ነው። ወንዱ ጡረታ ሲወጣ ሥራ ያጣል፤ ሴቲቱ ጡረታ ስትወጣ ከሁለት ሥራ አንዱን ትተዋለች፣ የቀረው ሥራ ደግሞ ወዲያው ይሰፋል። ልጇ ወልዳ የሕፃናት መዋያው ዋጋ ስለከበዳት «እማዬ፣ አሁንማ ነፃ ነሽ» ትላታለች፤ ባሏ ምሳ ቤት መብላት ጀምሯል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ለበዓል ዳቦና ወጥ የሚሠራ እጅ ይፈልጋል። ደመወዝ ስለማይከፈልበት ማንም ሥራ ነው አይለውም። በዚህ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ካለ፣ በብዙ ቤት በትክክል ጡረታ የወጣው ባል ብቻ ነው፣ ሚስትም የምትጦረው እሱን ነው የሚል ነው፤ ይህ የሚለወጠው ደግሞ በምክር ሳይሆን ባልየው ጓዳ ገብቶ ቢያንስ የራሱን ምሳ መሥራት ሲችል ነው። ብዙ ወንዶች ከአገር እንደመጡ በአፓርታማ በጋራ ሲኖሩ ሽንኩርት መክተፍና ወጥ መሥራት ያውቁ ነበር፣ ያስረሳቸው ትዳር ነው፤ ስለዚህ አዲስ ትምህርት አያስፈልጋቸውም፣ ማስታወስ ይበቃቸዋል።

የልጅ ልጆች ጉዳይ ደስታውም ሐዘኑም በቋንቋ ላይ ይወድቃል። አያት ከሕፃን ጋር ቀኑን ሙሉ ሲውል አማርኛ ወደ ልጁ ጆሮ የሚገባበት ከሁሉ የተሻለው ጊዜ እጁ ላይ ወድቆለታል፤ ልጁ በአምስት ዓመቱ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ግን እንግሊዝኛው ይበልጣል፣ አያቱም የሚያስተምረው ሰው መሆኑ ቀርቶ የሚያስተረጉም ሰው ይሆናል። ሌላው የማይታይ ነገር አንተና እርስዎ ነው። በዌስተርቪል ያደገ ልጅ እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ አያቱን «አንተ» ቢለው ድፍረት አይደለም፣ በአማርኛው ያለው የአክብሮት ደረጃ ስላልደረሰው ነው፤ በሥራ ቦታ «አቶ» ወይም «ጋሼ» ተብሎ ያልተጠራ፣ በስሙ ብቻ ሲጠራ የኖረ ሽማግሌ ግን ቢያንስ በቤቱ ያንን አክብሮት ሲጠብቅ ስለነበር ይጎዳል። ለዚህ ቁጣ መፍትሔ አይሆንም። ለልጁ በየቀኑ በአክብሮት አነጋገር ማውራት፣ ለራሱም ለልጁም «እንዴት አደሩ» እያሉ መጫወት ከቁጣ ይልቅ ያደርሳል።

ጡረታ የሚለው ቃል ሥሩን የሚያሳየው ግን ከውቅያኖስ ማዶ ያለው ቤተሰብ ሲታሰብ ነው። በዌስተርቪል የ67 ዓመት ጡረተኛ በጎንደር ወይም በደሴ የ90 ዓመት እናት ሊኖረው ይችላል፣ እሱም እስካሁን የእሷ ጧሪ ነው። ወንድምና እህት፣ የእህት ልጅም በወር የሚደርሳቸው አለ። በአገር ቤት «ጡረታ ወጣ» የሚለው ወሬ ሲሰማ የሚታሰበው አሜሪካ እያረፈ ይከፈለዋል ነው፤ የዜሮዎቹን ዓመታት ነገር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ገቢው ሲቀንስ የሚላከው ካልቀነሰ ልዩነቱ ከሚስቱ ሒሳብ ይወጣል፣ ከቀነሰ ደግሞ በአገር ቤት ቅሬታ ይወልዳል፤ ሥራ ከማቆም በፊት ይህን ጉዳይ ለሁለቱም ወገን በግልጽ አለመናገር በጡረታ የመጀመሪያ ዓመት ከሚሠሩ ስሕተቶች ትልቁ ነው። ጡረተኛው እየተጦረ የሚጦር፣ ሸክም ሳያወርድ የሸክም ዓይነት የቀየረ ሰው ነው።

አንዳንዶች መፍትሔው የዓመቱን እኩሌታ በኢትዮጵያ መኖር ነው ይላሉ። በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆኑ የውጭ ዜጎች በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ይዘው ያለ ቪዛ ሊገቡና ሊኖሩ ይችላሉ፣ የአዲስ አበባ ካፌም በረንዳው ላይ ጡረተኞች ጋዜጣ ይዘው ከጠዋት እስከ ቀትር የሚከራከሩበት፣ ሰው በስሙና በማዕረጉ የሚጠራበት ቦታ ነው። ነገር ግን 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሰዎች የተዘጋጀው የጤና መድን ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በጠቅላላው አይከፍልም፤ የልጅ ልጆቹም በዌስተርቪል ናቸው፤ ሚስትየዋም ብዙ ጊዜ ከልጆቿ ርቃ ስድስት ወር መቀመጥ አትፈልግም።

በዌስተርቪል የካፌ በረንዳውን የሚተካ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ከተማዋ በመጠጥ ጠላትነቷ በዓለም ስሟ የተጠራ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በከተማዋ መጠጥ ቤት ለመክፈት የሞከረ ሰው ቤቱ በባሩድ ፈንድቶበታል፣ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ የመጠጥ ቤቶችን ለመዝጋት የታገለው አገር አቀፍ ማኅበር ዋና ማተሚያ ቤቱን እዚህ አድርጎ ነበር፣ በከተማዋ መሀል አልኮል በሕጋዊ መንገድ እንደገና የተሸጠውም እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ጠጅ ቤት ለሚናፍቅ ሽማግሌ ይህ ታሪክ መጽናኛ አይሆንም። ሆኖም ቦታ የለም ማለት አይቻልም። ኦሃዮ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ነዋሪዎቿን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍት ቦታ ባለበት ክፍል የትምህርት ክፍያ ሳይከፍሉ፣ ለዲግሪ ሳይቆጠርላቸው እንዲማሩ በሕግ ፈቅዳለች፤ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህ አሠራር ፕሮግራም 60 ይባላል፣ ታሪክ፣ የአትክልት እርባታ ወይም ኮምፒዩተር መማር የሚፈልግ ጡረተኛ ከቤቱ በመኪና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደርስበታል። ከሲንሲናቲ እስከ ክሊቭላንድ የሚዘልቀው የእግርና የብስክሌት መንገድ በከተማዋ መሀል ያልፋል፣ የሁቨር ግድብ ውኃም ቅርብ ነው። በኮሎምበስ ያሉ እድሮች፣ ቤተ ክርስቲያኖችና መስጊዶች ደግሞ ወረቀት የሚያነብ፣ ሆስፒታል ሄዶ የታመመ የሚጠይቅ፣ አዲስ መጥቶ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣን ወጣት የሚያለማምድ ሰው ሁልጊዜ ይቸግራቸዋል። ባልና ሚስት በቀን ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ተለያይተው ቢውሉ ማታ የሚነጋገሩበት ነገር ይዘው ይመለሳሉ።

የሚቀረው ወረቀት የሚሞላበት ጊዜ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲን ከ62 ዓመት ጀምሮ መውሰድ ይቻላል፣ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ ለተወለዱት ሙሉው የሚገኘው በ67 ስለሆነ በ62 የሚወስድ ሰው 30 በመቶ ይቀነስበታል፣ እስከ 70 የሚታገሥ ደግሞ በየዓመቱ 8 በመቶ ይጨመርለታል፤ ባል ቀድሞ ቢሞት ሚስት የምትቀበለው መጠን በእሱ ምርጫ ላይ ስለሚመሠረት ውሳኔው የእሷም ነው። ሜዲኬር ግን የሚሸፍነው ሰውየውን ብቻ እንጂ በዕድሜ የምታንሰውን ሚስቱን አይደለም፤ በእሱ መሥሪያ ቤት መድን ስትታከም የኖረች ሚስት እሱ ሥራ ሲያቆም ያለ መድን ልትቀር ትችላለች። ለሜዲኬር የመመዝገቢያው ጊዜ 65 ዓመት ከሚሞላበት ወር በፊት ያሉት ሦስት ወራት፣ ያ ወርና ከእሱ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት፣ በጠቅላላው ሰባት ወር ነው፤ የራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው የሥራ መድን ሳይኖረው ያን ጊዜ ያሳለፈ ሰው የሐኪም ሕክምናን ለሚሸፍነው ክፍል በሚከፍለው ወርኃዊ ክፍያ ላይ ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት፣ መድኑን እስከያዘ ድረስ፣ ይጨመርበታል። ስለዚህ በዚህች ከተማ ስልሳ አራተኛ ዓመቱን የያዘ ሁሉ እነዚህን ቅጾች ሊሞላ ሲቀመጥ ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ሚስትም ብትሆን ባሏን ጠርታ፣ አብረው እንዲሞሉት ይጠየቃሉ።